ማውጫውን ማን ገደለው? ከጎግል በፊት ስለነበረው ፍለጋ የተነሳ ክርክር

የመክፈቻ ፖስት

ሰሞኑን በሌላ ክር ላይ አንድ ወንድማችን የኢንተርኔት ፍለጋን የፈጠረው ጎግል ነው ብሎ ጻፈ፤ አንድም ሰው ሳያርመው አለፈ። ዝም ማለት አቃተኝና ይህን ክር ከፈትኩ። ያቀረብኩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጎግል በሴፕቴምበር 1998 ኩባንያ ሆኖ ሲመዘገብ፣ ሰዎች በኢንተርኔት ላይ መፈለግ ከጀመሩ ስምንት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሁለተኛ፣ ድረ ገጾችን በእጃቸው እየመደቡ ማውጫ ያዘጋጁ የነበሩ ሰዎች በማሽን ተሸነፉ የሚባለው ትረካ አይዋጥልኝም። ማሽኑ ማሸነፍ የቻለው የእነዚያኑ ሰዎች ምርጫ መቁጠር ሲጀምር ነው። ትስማማላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኩ።

መልሱ ከጠበቅኩት በላይ በዛ። አዲስ የሚገቡ ሰዎች ከላይ ያለውን ሳያነቡ ያንኑ ጥያቄ ስለሚደጋግሙ፣ የተባለውን በየተራ ቁጥሩ በራሴ አገላለጽ አሰባስቤ እነሆ አስቀምጫለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መልስ 1። የመጀመሪያው መላሽ ጨዋ ሰው ነው። አመስግኖኝ፣ ስምንት ዓመት ያልኩት ከየት እንደሚቆጠር ለሌሎች አብራራ። በ1990 በካናዳ ሞንትሪያል፣ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ እየተማረ የትምህርት ክፍሉን ኮምፒውተሮች የሚያስተዳድር አለን ኤምቴጅ የሚባል የባርቤዶስ ተወላጅ ነበር። በየተቋሙ ሰርቨር ላይ በነጻ የተቀመጡ ፕሮግራሞችን ፈልጎ ማምጣት ከሥራው አንዱ ነው። ሰርቨሮቹን አንድ በአንድ ማየት ሲሰለቸው፣ እየዞረ የፋይል ዝርዝራቸውን የሚያመጣ ስክሪፕት ጻፈ። ዝርዝሩንም በአንድ ቦታ አከማችቶ በስም የሚፈለግበት አደረገው። ከቢል ሂላንና ከፒተር ዶይች ጋር ሆነው ለሌላው ሰው ሲከፍቱት አርቺ ተባለ። አርቺ የፋይሉን ስም ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ ፋይሉ ውስጥ ምን እንደተጻፈ አያይም።

መልስ 2። ሁለተኛው አርቺን አልካደም፤ ግን ኢንተርኔትና ድር (በኢንተርኔት ላይ የሚሠራው፣ በሊንክ የተያያዙ ገጾች ሥርዓት) አይምታቱ አለ። ድር ለሕዝብ የተዋወቀው በኦገስት 1991 ነው፤ አርቺ ሲወለድ የሚፈለግ ድረ ገጽ አልነበረም። ትክክል ነው። ክሩ ከዚህ በኋላ በሁለት መስመር መሄዱ የእሱ ውለታ ነው።

መልስ 3፣ 4፣ 5። ሦስተኛው በመካከል ጎፈር እንዳለ አስታወሰን። በ1991 ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የወጣ፣ ሁሉን ነገር በዝርዝር ምናሌ የሚያሳይ ሥርዓት ነው። ምናሌው ሲበዛ በ1992 ሪኖ ከተማ ባለው የኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ ቬሮኒካ፣ በ1993 በዩታ ዩኒቨርሲቲ ጀግሄድ የተባሉ መፈለጊያዎች ተሠሩለት። አራተኛውና አምስተኛው ስሞቹ ከየት መጡ ወደሚል ጨዋታ ገቡ፤ እሱን ዘልየዋለሁ።

መልስ 6። ይህኛው ረጅም ነው፤ እኔም ወድጄዋለሁ። ጎፈር በ1993 መጀመሪያ ላይ ከድር የበለጠ ተጠቃሚ እንደነበረው አስታውሶ ውድቀቱን ከፈቃድ ክፍያ ጋር አያያዘው። ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በዚያው ዓመት የሰርቨሩን ሶፍትዌር ለሚጠቀሙ ክፍያ እንደሚጠይቅ አሳወቀ። ድር የተፈጠረበት የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ማዕከል ሰርን ደግሞ በኤፕሪል 30 ቀን 1993 የድርን ሶፍትዌር ለማንም በነጻ ለቀቀ። እንደ መላሹ አባባል ያ ክፍያ ባይመጣ ኖሮ ዛሬም የምንፈልገው በምናሌ ላይ ነበር።

መልስ 7 እና 8። ሰባተኛው ይህ ተረት ነው አለ። ጎፈርን የገደለው የሞዛይክ ብራውዘር ነው፤ ምስልና ጽሑፍ በአንድ ገጽ ላይ፣ ሊንኩም በጽሑፉ መካከል ሲገባ ማን ደረቅ ምናሌ ያያል አለ። ስድስተኛው በ8 ተመልሶ፣ ሞዛይክ የጎፈር ገጾችንም ይከፍት እንደነበር አስታወሰው። ሁለቱም የያዙት እውነት ነው። እኔ ክፍያው ሰዎቹን አስደንግጦ ከቤት አስወጣ፣ ሞዛይክ ደግሞ የሚሄዱበትን አሳያቸው እላለሁ።

መልስ 9። እዚህ ላይ በቤተ መጻሕፍት ባለሙያነት ያገለገሉና ጡረታ የወጡ አንድ አባት ገቡ። ስማቸውን አልጻፉም፤ ሁላችንም አንቱ እያልን ነው የመለስንላቸው። የማውጫው ታሪክ ከያሁ አይጀምርም አሉ። የድር ፈጣሪ ቲም በርነርስ ሊ ራሱ፣ በሰርን ሆኖ፣ ያኔ የነበሩትን የድር ሰርቨሮች ዝርዝር በእጁ ይጽፍ ነበር፤ ዝርዝሩ ሲያድግ በየትምህርት ዘርፉ ለበጎ ፈቃደኞች ተከፋፍሎ የድር ምናባዊ ቤተ መጻሕፍት ሆነ። ከዚያ አልፈው ወደ ብራሰልስ ወሰዱን። ፖል ኦትሌና አንሪ ላ ፎንቴን በ1895 የዓለምን ኅትመት ሁሉ በካርድ መመዝገብ ጀመሩ፤ ካርዱ ከ12 ሚሊዮን በላይ ደርሷል። ሰው ጥያቄውን በፖስታ ይልካል፣ ሠራተኞቹ ካርዱን ፈልገው በክፍያ መልስ ይልካሉ። ላ ፎንቴን በ1913 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኘው ያው ሰው ነው።

ለእኔ ከዚህ ሁሉ የበለጠብኝ መጨረሻ ላይ የጻፉት ነው። መዳቢ ሁልጊዜ የሚቸገረው አንድ ነገር ሁለት ቦታ ሲገባ ነው። ስለ መድኃኒት ዕፅዋት የሚያወራ ገጽ ከሕክምና ይቀመጥ ከእርሻ? በመደርደሪያ ላይ አንድ መጽሐፍ ያለው አንድ ቦታ ነው፤ ካርድ ሲሆን ሁለት ቦታ ይገባል። ድር ላይ ግን ምደባው ራሱ ትርጉሙን ያጣል፤ ምክንያቱም ፈላጊው በየትኛው በር እንደሚገባ መዳቢው አያውቅም።

መልስ 10 እስከ 13። አሥረኛው መላሽ እኚህን ሰው አንተ ብሎ ጀመረና የ19ኛው ክፍለ ዘመን ካርድ እዚህ ምን አመጣው፣ ርዕሱ ኢንተርኔት ነው አላቸው። 11 እና 12 ተግሣጽ ናቸው፤ 12ኛው እንዲያውም ከአሥረኛው የባሰ ስድብ ቀላቀለበት። አባት በ13 ላይ ያንን ሁሉ እንዳላየ አልፈው፣ ጥያቄ ጽፎ ልኮ ዝርዝር መቀበል ፍለጋ ካልሆነ ምን እንደሆነ ብቻ ጠየቁ። አሥረኛው እስከ 27 ድረስ ድምፁ አልተሰማም።

መልስ 14። በዚህ ክር ውስጥ ለጀማሪ አንድ ብቻ አንብብ ብባል ይህን ነው የምመርጠው። የ1993ን ስድስት ወር በቅደም ተከተል አስቀመጠልን። በጁን፣ በኤምአይቲ የነበረው ማቲው ግሬይ ዋንደረር የሚባል ሮቦት፣ ማለትም ከገጽ ወደ ገጽ በራሱ የሚዞር ፕሮግራም፣ ለቀቀ፤ ዓላማው መፈለጊያ መሥራት ሳይሆን ድር ምን ያህል እንዳደገ መለካት ነበር። በሴፕቴምበር፣ በጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ኦስካር ኒርስትራዝ ሰዎች በእጃቸው ያዘጋጇቸውን ዝርዝሮች አንድ ላይ ሰብስቦ የሚፈለግበት ካታሎግ አደረጋቸው። በኖቬምበር ማርቲን ኮስተር አሊዌብን አስተዋወቀ፤ የእሱ ሐሳብ የየገጹ ባለቤት ስለ ገጹ ራሱ መግለጫ ይጻፍ፣ እኛ መግለጫውን እንሰብስብ የሚል ነበር። በዲሴምበር ደግሞ በስኮትላንድ ስተርሊንግ ዩኒቨርሲቲ ጆናተን ፍሌቸር ጃምፕስቴሽንን አወጣ።

መላሹ ዘውዱን የደፋው ለፍሌቸር ነው። ምክንያቱም ዛሬ የፍለጋ ሞተር የምንለው ሦስት ሥራ በአንድ ላይ የተገኘው እዚያ ነው፤ ሮቦቱ ሊንክ እየተከተለ ገጽ ያመጣል፣ ያመጣውን ይመዘግባል፣ ተጠቃሚው ቃል ጽፎ ከመዝገቡ ይጠይቃል። ይመዘግብ የነበረው የገጹን ርዕስና ንዑስ ርዕሶች ብቻ ነው፤ የመሣሪያው አቅም ከዚያ በላይ አይፈቅድም ነበር። ዩኒቨርሲቲው ገንዘብ ሊመድብለት አልፈለገም፤ ፍሌቸር በ1994 መጨረሻ ሲለቅ ጃምፕስቴሽንም አብሮ ቆመ።

መልስ 15። የመጀመሪያው የሚለው ማዕረግ ለጄኔቫው ካታሎግ ይገባል የሚል ተቃውሞ። ከዚያ በኋላ ማን ቀደመ ማን ዘገየ የሚል ጉንጭ አልፋ ክርክር ሊነሳ ሲል ቀጣዩ መላሽ ርዕሱን ቀየረው፤ እግዜር ይስጠው።

መልስ 16። የሰርቨር አስተዳዳሪ ነው። ታሪኩን ከሌላኛው ወገን አየው፤ ማለትም ሮቦት ከሚመጣበት ሰው ወገን። የዚያን ጊዜ ሰርቨር ደካማ፣ መስመሩም ቀጭን ነው። ጠባይ የሌለው ሮቦት ያንኑ ገጽ በፍጥነት ደጋግሞ ሲጠይቅ ሰርቨሩ ይንበረከካል። አሊዌብን የሠራው ያው ማርቲን ኮስተር በፌብሩዋሪ 1994 አንድ መፍትሔ አቀረበ፤ ሮቦትስ ቲኤክስቲ (robots.txt) የሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል በሰርቨሩ ላይ ይቀመጥ፣ ሮቦቱ ሲመጣ መጀመሪያ እሱን አንብቦ አትግባ የተባለበትን ይተው። ይህ ስምምነት በይፋ የኢንተርኔት መስፈርት ሆኖ የወጣው በ2022 ነው፤ 28 ዓመት ሙሉ በይሉኝታ ኖረ ማለት ነው።

የራሱንም ገጠመኝ አከለ። በአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ ሲረከብ፣ ከእሱ በፊት የነበረው ባለሙያ ምስጢራዊ የሚላቸውን ማህደሮች በሙሉ በዚህ ፋይል ውስጥ አትግባ ብሎ ዘርዝሯቸው አገኘ። ፋይሉ ደግሞ ለማንም ክፍት ነው። ሌባ መጥቶ የት ልፈልግ ሳይል፣ የቤቱን የምስጢር ክፍሎች ዝርዝር ደጁ ላይ ተለጥፎ ያገኘዋል። ፋይሉ ቁልፍ እንዳልሆነ፣ ልመና ብቻ እንደሆነ ለማስረዳት ከአለቆቹ ጋር ብዙ እንደተነታረከ ጻፈ።

መልስ 17። አጭር። በኤፕሪል 1994 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው ብራያን ፒንከርተን ዌብክሮውለርን ሲከፍት፣ ርዕሱን ብቻ ሳይሆን የገጹን ሙሉ ጽሑፍ መፈለግ ተቻለ። በጁላይ ከካርኔጊ ሜለን ላይኮስ ተከተለ። ከዚያ በኋላ እንደ አሸን ፈሉ።

መልስ 18። እዚህ ላይ ነው ሰዎች ትዝታቸውን ማውጣት የጀመሩት። ይህ መላሽ መጀመሪያ ያሁን አስቀመጠልን። በ1994 መጀመሪያ ሁለት የስታንፎርድ ተማሪዎች፣ ጄሪ ያንግና ዴቪድ ፋይሎ፣ የሚወዷቸውን ገጾች እየመደቡ ዝርዝር አወጡ፤ በማርች 1995 ኩባንያ ሆነ፤ በኤፕሪል 1996 አክሲዮኑ ለገበያ ቀረበ። ሰው ገጹን ያስመዘግባል፣ የያሁ ሠራተኛ ገጹን ከፍቶ ያያል፣ ይገባል ካለ ቦታ ይሰጠዋል።

ከዚያ ወደ ራሱ ገጠመኝ ገባ። ስሙን ሊጠቅስ ባልፈለገው አንድ ማውጫ ላይ ስለ ቼዝ የሠራውን ገጽ አስመዘገበ። ሳምንታት አልፈው ሲያየው ገጹ የተመደበው ከቤት ዕቃዎች ሥር ነው። ቼዝ ሰሌዳ የሚል ቃል ያየ መዳቢ ጠረጴዛ የሚሸጥ መስሎት ይሆናል ብሎ ይገምታል። እንዲስተካከልለት ጽፎ መልስ ሳያገኝ፣ ሳይወድ በግዱ የወንበርና የቁም ሣጥን ጎረቤት ሆኖ ኖረ።

መልስ 19። ይህን ሲያነብ የሳቀ አንድ ሰው ሌላ ነገር አስታወሰን። በማውጫዎቹ ውስጥ በየምድቡ ያለው ዝርዝር በፊደል ተራ ነበር የሚቀመጠው። ስለዚህ ነጋዴው ሁሉ የድርጅቱን ስም በፊደል መጀመሪያ ወይም በቁጥር ማስጀመር ጀመረ። በእኔ ግምት ይህ ትንሽ ነገር ብዙ ይናገራል፤ ቅደም ተከተል ባለበት ሁሉ ለቅደም ተከተሉ የሚሻማ ሰው አለ፤ ጥያቄው ተራውን ማን ይሰጣል የሚለው ነው።

መልስ 20። በኋላ ያሁ የንግድ ገጾችን ለማየት በዓመት 299 ዶላር ማስከፈሉን አነሳና ማውጫውን የገደለው ስግብግብነት ነው ብሎ ደመደመ። ክፍያው እውነት ነው። ድምዳሜው ግን ቸኩሏል፤ 34ን ጠብቁ።

መልስ 21፣ 22፣ 23። 21ኛው ያለ ክፍያ የሚሠራ ማውጫም ነበረ አለ። በጁን 1998 ሪች ስክሬንታና ቦብ ትሩኤል የያሁ ሠራተኞች የማይደርሱበትን በጎ ፈቃደኞች ይድረሱበት ብለው የጀመሩት፣ በዚያው ዓመት የብራውዘር ኩባንያው ኔትስኬፕ የገዛው፣ በኋላ ዲሞዝ ተብሎ የታወቀው ነው። መዝገቡን ማንም በነጻ ይወስድ ነበር፤ ጎግልም ለራሱ ማውጫ ተጠቅሞበታል። በማርች 2017 ተዘጋ። ጨዋታ ጨዋታን ያነሳዋልና 22ኛው ስክሬንታ በተማሪነቱ በ1982 የአፕል ሁለት ኮምፒውተርን በዲስኬት የሚያጠቃ ኤልክ ክሎነር የተባለ ቫይረስ መጻፉን አነሳ። ከዚያ ስለ ቫይረስ ብዙ ተባለ፤ አወያዩ በ23 ወደ ርዕሱ መለሰን።

መልስ 24። አልታቪስታ የተባለችውን የፍለጋ ሞተር ያፈቀረ ሰው ነው፤ ዛሬም አልረሳትም። በዲሴምበር 15 ቀን 1995 ለሕዝብ የተከፈተችው ከዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን የፓሎ አልቶ ቤተ ሙከራዎች ነው። ሮቦቱን ሉዊ ሞኒዬ፣ ኢንዴክሱን (የሚፈለግበትን የቃላት መዝገብ) ማይክ በሮውስ ጻፉት። ኩባንያው አልፋ የተባሉ ኃይለኛ ኮምፒውተሮቹን ለማሳየት ፈልጎ ስለነበር መሣሪያ አልተሰሰተም። ሮቦቱ ብዙ ገጾችን ጎን ለጎን ያመጣል፤ ኮምፒውተሮቹ ትልቅ ማስታወሻ (ሜሞሪ) ስላላቸው መልሱ ወዲያው ይመጣል። መላሹ የመደመር ምልክት፣ የመቀነስ ምልክት፣ የትእምርተ ጥቅስ አጠቃቀም አሁንም እንደማይረሳው ጻፈ፤ ያኔ መፈለግ ሙያ ነበርና።

የአልታቪስታ አሟሟት ግን የወላጅ አልባ ልጅ ነው። በ1998 ኮምፓክ እናት ኩባንያዋን ገዛ፤ በ1999 ሲኤምጂአይ ለሚባል ተሸጠች፤ በ2003 ኦቨርቸር ገዛት፤ ኦቨርቸርን ደግሞ በዚያው ዓመት ያሁ ገዛው። በጁላይ 2013 ተዘጋች። እያንዳንዱ ባለቤት ዜናና ግብይት ጨማምሮ ዋና በር ሊያደርጋት ሲል፣ ያችን ንጹሕ የፍለጋ ሳጥን የሚንከባከብ ጠፋ ይላል።

መልስ 25። ናፍቆቱን የሚያበላሽ መልስ። የአልታቪስታ ዘመን ወርቃማ አልነበረም፤ ቃል ስትጽፍ አሥር ሺህ ውጤት ይመጣል፣ ከላይ ያሉት ግን ቆሻሻ ናቸው አለ። ሞተሮቹ ደረጃ የሚሰጡት በአብዛኛው ገጹ ውስጥ ቃሉ ስንቴ ተጻፈ በሚል ነበር። አጭበርባሪው በነጭ መደብ ላይ በነጭ ፊደል አንዱን ቃል መቶ ጊዜ ይጽፋል፤ ሰው አያየውም፣ ማሽን ግን ይቆጥረዋል። ስለ ቃል ክብደት የሚያጠኑ ሰዎች ከዚያ በፊት ብዙ ሠርተዋል፤ ካረን ስፓርክ ጆንስ በ1972 በብዙ ሰነዶች ውስጥ የሚገኝ ቃል ክብደቱ ያንሳል የሚለውን ስሌት አቅርባ ነበር። ያ ሁሉ ጥናት ግን የተሠራው ጸሐፊው አንባቢውን ሊያታልል እንደማይፈልግ ታስቦ ነው። ድር ላይ ይህ አይሠራም።

መልስ 26። የመክፈቻ ፖስቴን ደግፎ የጻፈ ነው፤ ከእኔ በተሻለ። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በ1996 ስታንፎርድ ላይ ባክራብ ብለው የጀመሩት ሥራ፣ ገጹ ስለ ራሱ የሚለውን ሳይሆን ሌሎች ስለ እሱ የሚሉትን ይመለከታል። መነሻው የሳይንስ ጽሑፎች እርስ በርስ መጠቃቀስ ነው፤ ዩጂን ጋርፊልድ በ1960ዎቹ ይህን ቆጥሮ በመዝገብ አውጥቶት ነበር። ፔጅራንክ የተባለው የእነ ፔጅ ስሌት ግን መቁጠር ብቻ አይደለም። አንድ ገጽ ያለው ክብደት ለሚጠቁማቸው ገጾች ይከፋፈላል፤ የተጠቆመው ደግሞ በተራው ለሚጠቁማቸው ያካፍላል። ስለዚህ የአንዱን ክብደት ለማወቅ የሌላውን ማወቅ ያስፈልጋል። መውጫው ሁሉንም እኩል አድርጎ መጀመር፣ ከዚያ ቁጥሩ መለዋወጡን እስኪያቆም ስሌቱን መደጋገም ነው። ሊንክ እየተከተለ መንገደኛ የሆነ ሰው አልፎ አልፎ ሰልችቶት ወደ ሌላ ገጽ ይዘላል የሚለው ግምትም በስሌቱ ውስጥ አለ፤ ባይኖር ኖሮ እርስ በርስ ብቻ የሚጠቋቆሙ ገጾች ክብደቱን ውጠው ያስቀሩት ነበር።

በ1998 ያወጡትን ጥናት ያነበበ ሰው ነው። በዚያ ጽሑፍ 24 ሚሊዮን ያህል ገጾችን መያዛቸውን፣ በኖቬምበር 1997 ከአራቱ ትልልቅ የንግድ ሞተሮች መካከል የራሱ ስም ሲጻፍለት ራሱን ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውጤቶች ውስጥ የሚያገኘው አንዱ ብቻ እንደነበር ጠቀሰ። በአባሪው ላይ ደግሞ ሁለቱ ተማሪዎች በማስታወቂያ የሚተዳደር የፍለጋ ሞተር ወደ ማስታወቂያ ሰጪው ማዘንበሉ አይቀርም ብለው ጽፈዋል። ምሳሌያቸው የሞባይል ስልክ ፍለጋ ነው፤ የእነሱ ሞተር አንደኛ ያመጣው መኪና እየነዱ ስልክ ማውራት ስለሚያመጣው አደጋ የተጻፈ ጥናት ነበር። የስልክ ሻጭ እየከፈለው ይህን አንደኛ የሚያስቀምጥ ማን ነው?

መልስ 27 እና 28። የጠፋው አሥረኛ መላሽ ተመለሰ። ፔጅራንክ የተሰረቀ ነው፤ ሮቢን ሊ በ1996 ራንክዴክስን ሠርቶ በሊንክ ደረጃ ይሰጥ ነበር፤ አሜሪካኖቹ ስሙን ቀበሩት አለ። 28ኛው ማስረጃህን አምጣ፣ አለዚያ ዝም በል አለው። ነገሩ ተካረረ።

መልስ 29። አንድ ቀዝቀዝ ያለ ሰው መሐል ገባ። ሊ በእርግጥ ቀደምት ነው፤ የፓተንት ማመልከቻውን በ1997 አስገብቷል፣ በ2000 ደግሞ የቻይናውን የፍለጋ ሞተር ባይዱን መሠረተ። ነገር ግን የእሱ ዘዴ የሚያየው ወደ ገጹ የሚጠቁሙትን ሊንኮችና በሊንኮቹ ላይ የተጻፈውን ቃል ነው፤ የጠቋሚው ክብደት ራሱ ከሌላ ጠቋሚ የሚመጣበት ስሌት የፔጅ ነው። ፔጅም በአንዳንድ ፓተንቶቹ የሊን ሥራ ጠቅሶታል፤ ሌባ የሰረቀውን በስም አይጠቅስም። በዚያው ሰሞን ጆን ክላይንበርግም በሊንክ ላይ የተመሠረተ የራሱን ዘዴ እየሠራ ነበር። ሐሳቡ ሦስት ቦታ በአንድ ጊዜ በስሎ ነበር ማለት ነው። 30 እና 31 በአወያዩ ተሰርዘዋል፤ ቁጥሩ የዘለለው ለዚህ ነው።

መልስ 32። የእኔ ነው። ክላይንበርግም፣ ሊም፣ ፔጅም የቆጠሩት ምንድን ነው? በ1990ዎቹ ሁሉም ሰው በገጹ ጥግ ላይ የሚወዳቸውን ገጾች ዝርዝር ያስቀምጥ ነበር። ያ ዝርዝር ትንሽ ማውጫ ነው። ያሁ ውስጥ የተቀጠረ መዳቢ ሊደርስበት የማይችለውን፣ ማንም ሳይቀጥራቸው ሚሊዮኖች በእጃቸው ሠርተውታል። ማሽኑ እነሱን ደመረ እንጂ አልተካቸውም ብዬ ጻፍኩ።

መልስ 33። ጥሩ ተቃውሞ። መቁጠር ሲጀመር የሚቆጠረው ነገር ተበላሸ አለ። ሰዎች ለሰው ብለው ሊንክ ማስቀመጥ ትተው ለማሽኑ ብለው ማስቀመጥ ጀመሩ፤ ሊንክ ሸቀጥ ሆነ። የአስተያየት መስጫ ቦታዎች በአጭበርባሪ ሊንክ ስለተጥለቀለቁ በጃንዋሪ 2005 የፍለጋ ኩባንያዎች ይህን ሊንክ አትቁጠሩት የሚል ምልክት ለማክበር ተስማሙ፤ በ2012 ደግሞ ጎግል ሰው ሠራሽ ሊንክ የሚያበዙትን የሚቀጣ ለውጥ አወጣ። የሚወዱትን ገጽ በዝርዝር ማስቀመጥ የቀረው ያን ጊዜ ነው። በእሱ አነጋገር ማሽኑ ሰብሉን ብቻ ሳይሆን ዘሩንም በላው። የቤተ መጻሕፍቱ አባት ከሥሩ አንድ መስመር ብቻ ጽፈው ተስማሙ።

መልስ 34። የክሩ ከባድ ሚዛን ይህ ይመስለኛል። ስለ ስሌት ማውራታችሁን ተዉና ገንዘቡን ተከተሉ አለ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ያሁም ኤክሳይትም ሌሎቹም ገቢያቸው ሰውን በገጻቸው ላይ በማቆየት ነው። ጥሩ ፍለጋ ደግሞ ሰውን ቶሎ ወደ ሌላ ቦታ ይሸኛል። ስለዚህ ፍለጋን ሲያሻሽሉ ገቢያቸውን ይቀንሳሉ። በ1999 ኤክሳይት ጎግልን በ750,000 ዶላር እንዲገዛ ቀርቦለት ሳይገዛ የቀረውን ብዙዎች እንደ ሞኝነት ያዩታል፤ በዚያን ጊዜው የንግድ ስሌት ግን ሞኝነት አልነበረም አለ። ያሁ ፍለጋውን እንደ ዋና ሥራ አላየውም፤ ከአልታቪስታ፣ ከኢንክቶሚ፣ ከ2000 ጀምሮ ደግሞ ከጎግል እየተከራየ ነበር። ከጎግል ተላቆ የራሱን ያወጣው በ2004 ነው።

ስሌቱን የገለበጠው ቢል ግሮስ ነው ይላል። በ1998 ጎቱ በተባለው የፍለጋ ገጹ ላይ፣ አስተዋዋቂዎች ለአንድ ቃል ተጫርተው ሰው ሲጫን ብቻ የሚከፍሉበትን አሠራር ጀመረ። ሲጀመር ብዙዎች ውጤት እንዴት ይሸጣል ብለው ዘለፉት። ከዚያ በኋላ ግን ሰውን መሸኘት ራሱ ገቢ ሆነ። ጎግል በ2000 አድወርድስ የተባለውን የማስታወቂያ አገልግሎቱን፣ በ2002 ደግሞ በጨረታና በመጫን የሚከፈልበትን መልክ አወጣ፤ ልዩነቱ ማስታወቂያውን ከውጤቱ ለይቶ ማስቀመጡና ሰው ብዙ የሚጫነውን ማስታወቂያ ወደ ላይ ማውጣቱ ነው። ጎቱ ስሙን ወደ ኦቨርቸር ቀይሮ ጎግልን በፓተንት ከሰሰ፤ ኦቨርቸርን በ1.63 ቢሊዮን ዶላር የገዛው ያሁ በ2004 ከጎግል 2.7 ሚሊዮን አክሲዮን ተቀብሎ ጉዳዩ ተዘጋ። ማውጫ ግን በጨረታ ሊሸጥ አይችልም፤ ሰው በምድብ ሲወርድ ምን እንደሚፈልግ በቃል አይናገርምና። ፈላጊ ግን ፍላጎቱን ራሱ ይጽፋል።

የመጨረሻዋን ነጥብ ብዙ ጊዜ አሰብኩባት። ማን እንደከፈለ በደንብ ታስረዳለች። ውጤቱ ለምን ጥሩ እንደሆነ ግን አታስረዳም፤ ኦቨርቸር ጨረታውም ገንዘቡም ነበረው፣ እንደ ጎግል ያለ ውጤት ግን አልነበረውም።

መልስ 35። ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ እንደተሠራ አድርጋችሁ አታውሩ የሚል። በ1997 የተከፈተው የሩሲያ የፍለጋ ሞተር ያንዴክስ የተነሳው የሩሲያኛ ቃል በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ እንዳለው ሙያ መልኩ ስለሚለዋወጥ ነው፤ ፈላጊው አንዱን መልክ ሲጽፍ ሞተሩ ሌሎቹንም ማወቅ አለበት። ከፊትም ከኋላም ቅጥያ ለሚደራርቡ ቋንቋዎች፣ አማርኛንም ጨምሮ፣ ችግሩ ያው ነው አለ። ራሱን የቻለ ክር ይገባዋል።

መልስ 36። ፍለጋ ሞቷል፣ አሁን ማሽኑን ጠይቆ መልሱን መቀበል ነው የሚል። ለዚህ ሌላ ክር ስላለ አወያዩ ወደዚያ መርቶታል።

መልስ 37 እስከ 40። 37ኛው ልጅ እግር ነው መሰለኝ፣ እነዚህን የድሮ ማውጫዎች በዓይኑ ማየት እንደሚፈልግ ጻፈ። 38ኛው ወደ ኢንተርኔት አርካይቭ ላከው፤ በ1996 የመሠረተው ብሩስተር ካል ነው፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ከድር ቀድሞ ዌይስ የሚባል የጽሑፍ መፈለጊያ ሥርዓት ሠርቷል። የተቀመጡትን ገጾች የሚያሳየው ዌይባክ ማሺን ለሕዝብ የተከፈተው በ2001 ነው። 39ኛው ግን አስጠነቀቀ፤ እዚያ ቃል ጽፈህ የተቀመጠውን ገጽ ሁሉ በይዘቱ መፈለግ አትችልም፣ አድራሻውን ማወቅ አለብህ። የቼዙ ሰውዬ፣ 18ኛው፣ በ40 ላይ ተመልሶ የራሱን አድራሻ ከረሳ ዘመን እንደሆነው ነገረን።

መልስ 41። የቤተ መጻሕፍቱ አባት መንገድ አሳዩት። ማውጫዎቹ ራሳቸው አርካይቭ ውስጥ አሉና የማውጫውን የፊት ገጽ ክፈት፣ ከዚያ በምድብ በምድብ ውረድ አሉት።

መልስ 42 እና 43። 18ኛው ከመዝናኛ፣ ወደ ጨዋታዎች፣ ወደ ሰሌዳ ጨዋታዎች ወረደ፤ የለም። ከዚያ ትዝ ብሎት በቤት ዕቃዎች በኩል ገባ፤ ከአንድ የቁም ሣጥን ሻጭ ሥር አገኘው። የሰሌዳዎቹ ሥዕሎች ግን አይከፈቱም አለ። 43ኛው የየሥዕሉን አድራሻ ለየብቻ፣ በተለያየ ቀን የተቀመጠውን እየቀያየረ እንዲሞክር ነግሮታል።